ቦታውን የለቀቀው ሐይቅ

"ይሄ ሐይቅ ቦታውን ለቋል" አሉ አባቷ፣ ጣታቸውን ከስክሪኑ ላይ ሳያነሱ።

ልጃቸው ከወንበሯ ሳትነሳ ሳቀች። "አባባ ደግሞ! ሐይቅ ቦታውን ለቆ የት ይሄዳል? መነጽሩን ገና ስላልለመዱት ነው። ባለሙያው ሁለት ሦስት ቀን ያደናግርዎታል ብሎ የለ?"

"መነጽሩን እሱ ያውቀዋል። ሐይቁን ግን የማውቀው እኔ ነኝ።"

መነጽሩ ከተገዛ ሁለት ሰዓት አልሞላውም። አባትና ልጅ ጧት ከመሥሪያ ቤቷ ፊት ለፊት ካለው መነጽር ቤት አብረው ወጡ፤ ሽማግሌውን እስከ ምሳ ወደ ቤት የሚመልስ ሰው ስለጠፋ ቢሮዋ ይዛቸው ገባች። ከዚያ ወዲህ ያላነበቡት ነገር የለም። የእሳት ማጥፊያውን መመሪያ አነበቡ፤ የወንበሩን ቁጥር አነበቡ፤ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን የዓመት ፈቃድ ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ጨርሰው "ይሄ ሰውዬ ሲያርፍ ነው እንዴ የሚኖረው?" ብለው የአንዱን ባልደረባዋን ገመና አወጡ። ሦስት ዓመት ሙሉ የደበዘዘባቸው ዓለም ዛሬ ታጥቦ ቀርቦላቸዋልና አይፈረድባቸውም።

ከሁሉ ይልቅ ያፈዘዛቸው ግን የልጃቸው ስክሪን ነው። በጥቁሩ ሰማይ መካከል ምድር ሙሉ ክብ ሆና ቁጭ ብላለች። ልጅቱ የአንድ ቀን ሥዕሎችን አከታትላ ስታሳያቸው፣ ጨለማው ከምሥራቁ ጠርዝ ጀምሮ እየተገፈፈ፣ ብርሃኑ በውቅያኖሱና በየብሱ ላይ ቀስ እያለ ሲፈስ አዩ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት።

"ይሄ ጧት ነው?"

"ጧት ነው፣ አባባ። የትናንት ጧት።"

"ሲመጣ ይታያል ማለት ነው!" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ። "ከሰባ ዓመት በላይ ሲነጋብኝ ኖሬያለሁ። ጧት ሲመጣ ግን አይቼው አላውቅም።"

እሷም ብትሆን በአሥራ አንድ የሥራ ዓመት አልለመደችውም። ሥዕሎቹ የሚመጡበት ሳተላይት ከምድር ወገብ በላይ ሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ምድር በምትዞርበት ፍጥነት አብሯት እየዞረ፣ አንድ ቦታ የተሰቀለ መስሎ ይኖራል። አንዱን የምድር ፊት ብቻ ያያል፤ ያየውንም በየሩብ ሰዓቱ ይልካል። የሚልከው ግን ሥዕል አይደለም፣ የቁጥር መዓት ነው። የትኛው ቁጥር የትኛው ቦታ እንደሆነ የሚናገረው ከፋይሉ ጋር አብሮ የሚጻፈው መግለጫ ነው። ዐይኑ የቆመው ከየትኛው ኬንትሮስ በላይ ነው፣ ከፍታው ስንት ነው፣ ምድርን ምን ያህል ክብ ናት ብለን እናስላ፣ የመቃኛው መስታወት እንዴት ነው የሚዞረው። ይኸ ካልተጻፈ ሥዕሉ አድራሻ እንደሌለው ደብዳቤ ነው። የእሷ ሥራ አድራሻውን መጻፍ ነበር።

ላለፉት ስድስት ወራት የአሥራ ስምንት ዓመት ሥዕሎችን፣ ከስድስት መቶ ሺህ በላይ ፋይሎችን፣ የትም ያለ ኮምፒውተር ሊያነበው በሚችል አንድ የጋራ የአጻጻፍ ደረጃ ስታዘጋጅ ቆይታለች። ነገር ሁሉ ሁለቴ ካልታየ እንቅልፍ ስለማይወስዳት ባልደረቦቿ "እንደገና" የሚል ስም አውጥተውላታል። ጧት በሩን ስትከፍት "እንደገና መጣች" ይባላል፤ ማታ ስትወጣም እንደዚያው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ይኸ ስም የወጣላት በጥንቃቄዋ እንጂ በነዝናዛነቷ አይመስላትም ነበር።

የዛሬው ቀን ግን የቀልድ አልነበረም። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአደጋ መከላከል መሥሪያ ቤት አንዲት ባለሙያ ትመጣለች። ከሐይቁ በስተ ምሥራቅ ሁለት ሸለቆዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ ሰሜኑና ደቡቡ፤ የሚለያያቸው አንድ ቀጭን ተራራ ብቻ ነው። በሁለቱም ግርጌ ሰው ይኖራል። ከላይ የጣለ ዝናብ ሸለቆውን ይዞ ሲወርድ አስቀድሞ የሚጮህ የማስጠንቀቂያ ማማ ሊተከል ታስቧል፤ አንድ ብቻ። ከሁለቱ የትኛው ጋ ይተከል ለሚለው መልስ የሚሰጠው የአሥራ ስምንቱ ዓመት ሥዕል ነው፤ ሥዕሉም ከባዱ ደመና የሚከማቸው በሰሜኑ ላይ ነው ብሏል። የደቡቡ ሰዎች "የለም፣ ጎርፉ የሚበላው እኛን ነው" ብለው ደብዳቤ ጽፈው ነበር። "ያለው ማስረጃ አቤቱታችሁን አይደግፍም" ብላ መልሱን ያረቀቀችው እሷ ናት። ሦስት ሳምንት ሆነው።

አባቷ የጧቱን አመጣጥ ሦስት ጊዜ አስደግመው ካዩ በኋላ ነው "በይ የእኔን ሐይቅ አሳዪኝ" ያሉት። አቀረበችላቸው። የሐይቁ ውሃ ጠቁሮ ይታያል፤ በላዩ ላይ ከካርታ የተወሰደው የዳርቻው መስመር በቢጫ ተሰምሯል። አሁን ሽማግሌው ጣታቸውን የተከሉት በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። በደቡብ በኩል ቢጫው መስመር ደረቅ መሬት ላይ ወጥቷል፤ በሰሜን በኩል ደግሞ ውሃ ውስጥ ገብቷል።

ልጅቱ ጠጋ ብላ አየች። እውነት ነው፣ አይገጥምም።

"መስመሩ ነው የተሳሳተው" አለች። "ካርታው የድሮ ነው፣ አባባ። በእግር የተለካ ነው።"

"በማን እግር?"

አባቷ ሠላሳ አንድ ዓመት ቀያሽ ነበሩ፤ ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ተሸክመው ያልወጡት ኮረብታ፣ ያልዞሩት የውሃ ዳር አልነበረም። እናቷ "ከእኔ ጋር ከተኛበት ከድንኳን ጋር የተኛበት ይበዛል" ትል ነበር።

"በእግር የተለካ መሬት አይሸሽም" አሉ ቀያሹ። "ከሰሜኑ ዳር እንደ አውራ ጣት ወደ ውሃው የገባችው መሬት ትታይሻለች? ጫፏ ላይ የምልክት ድንጋይ ተክያለሁ። ሦስት ጊዜ ለክቼ ሦስቱም አንድ ሆኖልኛል። በቢጫው መስመር ድንጋዬ ደህና ነው። በአንቺ ሥዕል ግን ውሃ ውጦታል። አሁን አንዳችን ተሳስተናል፣ እኔ ወይም ያ ሰማይ ላይ ያለው።"

"ሰማይ ላይ ያለው አይሳሳትም።"

"እንግዲያው እኔ ነኛ!" አሉና ባርኔጣቸውን መልሰው ደፉ። ማኩረፋቸው ነበር።

ርቀቱን ለካች። አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሥዕሉ አንዲት ነጥብ ሦስት ኪሎ ሜትር ትሸፍናለች፤ እንግዲህ ልዩነቱ ሁለት ነጥብ እንኳ አይሞላም። በሙሉ ምድር ላይ ለሚያይ ሰው ኢምንት ነው። ግን በሁለቱ ሸለቆዎች መካከል ያለው ስፋትም አምስት ኪሎ ሜትር መሆኑ ትዝ አላት።

ኃላፊው በዚህ መሃል ገባ። ፈጣን ሰው ነው፤ ቆሞ ይጠይቃል፣ እየሄደ ይሰማል። ለሽማግሌው ከወገቡ ዝቅ ብሎ ሰላምታ ሰጠና ስለ ክፍተቱ ሲነገረው ብዙም አልደነገጠም።

"ዳር ዳር ላይ ሁሌም ትንሽ ይንሸራተታል። ከፍ ያለ ነገር በጎን ሲታይ ቦታው ይዛነፋል፤ ደመና እንደዚያ አይደል?"

"ደመና አዎ፣ ከፍ ይላል። ለእሱ ያለውን ማስተካከያ ሠርተናል" አለች። "ይሄ ግን ሐይቅ ነው። ሐይቅ ከፍ አይልም።"

"መፈተሻችን ላይ ልክ ነበር አይደለም እንዴ? አብረን ነው ያየነው።"

"ልክ ነበር።"

"እና?"

"እንደገና ልየው።"

ኃላፊው ሰዓቱን አየ። "አራት ሰዓት ተኩል ነው። ሴትዮዋ ዘጠኝ ላይ እዚህ ናት" ብሎ ወጣ። ሲወጣ በሩ ላይ ያለ ሌላ ባልደረባ "እንደገና!" እያለ ሲስቅ ተሰማ።

መጀመሪያ ያየችው ከሳተላይቱ እግር ሥር ያለውን ነው፤ መፈተሻውን የሠሩትም እዚያ ነበር፣ የባሕሩ ዳርቻ ጥርት ብሎ ስለሚታይ። መስመሩ በዳርቻው ላይ እንደ ፀጉር ቀጥኖ ተኝቷል። በምድር ወገብ ላይ በቀጥታ ወደ ምሥራቅ ሄደች፤ ልክ ነው። ወደ መካከሉ ተመልሳ በቀጥታ ወደ ሰሜን ወጣች፤ ልክ ነው። ትንሽ ተነፈሰች። ከዚያ በማዕዘን፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ አንድ የወንዝ አፍ አየች፤ ተዛንፏል። በደቡብ ምሥራቅ አንዲት ደሴት አየች፤ ተዛንፋለች፣ ያውም በተቃራኒው አቅጣጫ። በምዕራብም እንዲሁ። ከመካከሉ በማዕዘን በራቀች ቁጥር ስህተቱ እያደገ ይሄዳል፣ በሥርዓት፣ አራቱም ማዕዘን ላይ እኩል።

የተበላሸ ነገር እንዲህ ያምራል ብላ አስባ አታውቅም። የዘፈቀደ ስህተት ቢሆን ይሻላት ነበር፤ ይኸ ግን የሆነ ሰው በሙሉ ልቡ የሠራው ስህተት ነው።

"አባባ፣ አኩርፈዋል?"

"አላኮረፍኩም። ምንድነው?"

ያየችውን ነገረቻቸው። ሽማግሌው ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ፤ የሚያስቡት እንደዚያ ነው።

"ይሄ ከላይ ያለው" አሉ በመጨረሻ "አንገቱ እንዴት ነው የሚዞረው?"

"አንገት የለውም። መስታወት ነው ያለው፤ ወደ ጎንና ወደ ላይ እየዞረ ይቃኛል።"

"እሱን አይደል የምልሽ! የእኛም መሣሪያ ሁለት መዞሪያ ነበረው። ወደ ጎን የሚዞረው ከሥር ነው፤ ወደ ላይ ቀና የሚለው በእሱ ላይ ተቀምጧል። ተገላቢጦሽ ብትሠሪው፣ ያንኑ ዲግሪ ዞረሽ ሌላ ቦታ ነው የምትወድቂው። የዚህ የትኛው ነው ከሥር ያለው?"

መልሱን ታውቀዋለች፤ ከሥር የትኛው እንዳለ የምትናገር አንዲት መስመር በመግለጫው ውስጥ አለች። ደረጃው ሁለቱንም ይፈቅዳል፣ አንዱ ሳተላይት እንዲህ ሌላው እንዲያ ስለሆነ፤ የሚጠይቀው የትኛው እንደሆነ እንዲጻፍ ብቻ ነው።

"አላምን ካልሽ ያንን መብራት ስጪኝ" አሉ አባቷ፣ ስክሪኑ ላይ ማፍጠጧ ጥርጣሬ መስሏቸው።

የጠረጴዛው መብራት መቀመጫው ወደ ጎን ይዞራል፣ አንገቱ ቀና ይላል። በስብሰባ ላይ የሚጠቆምበትን ባለ ቀይ ብርሃን መጠቆሚያ በፕላስተር አንገቱ ላይ አሰረችላቸው። ቀያሹ ኮታቸውን አውልቀው ወንበር ላይ ጣሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መብራቱን ወደ ጎን ሠላሳ ዲግሪ፣ ወደ ላይ ሠላሳ ዲግሪ አደረጉት። ግድግዳው ላይ ቀይዋ ነጥብ ባረፈችበት በእርሳስ ምልክት አደረገች። ከዚያ መብራቱን በጎኑ አጋድመው፣ ከሥሩ መጻሕፍት ደርድረው፣ ያንኑ ሠላሳና ሠላሳ ዞሩ። ቀይዋ ነጥብ ከምልክቱ አንድ ስንዝር ያህል ርቃ ቆመች።

"አሁን ወደ ጎን ብቻ" አሉ። በሁለቱም አቀማመጥ ነጥቧ አንድ ቦታ ላይ ወደቀች። "ወደ ላይ ብቻ።" አሁንም አንድ ቦታ።

በቀጥታ ሲሆን ልክ፣ በማዕዘን ሲሆን ዝንፍ። ስድስት ወር የሠራችው ሥራ እዚህ ግድግዳ ላይ በሁለት የእርሳስ ምልክት ተጽፎ ቆመ። ተመልሳ ቁጭ አለችና መግለጫውን ከፈተች። መስመሯ እዚያው ነበረች። እንዴት እንደገባችም አስታወሰች። የመጀመሪያ ቀን፣ ሁሉን ከባዶ ከመጻፍ ብላ፣ የሌላ ሳተላይት መግለጫ ገልብጣ ነበር። የሚቆምበትን ኬንትሮስ ቀየረች፣ ከፍታውን ቀየረች፣ የምድርን ልክ ቀየረች። የመስታወቱን አዟዟር ግን ብትቀይረውም ባትቀይረውም መፈተሻው ላይ ለውጥ ስላልነበረው እንዳለ ተወችው። መፈተሻው ደግሞ መካከሉ ላይ ነበር፤ መካከሉ ላይ ሁሉም ሰው ልክ ነው።

"አገኘሽው?" አሉ አባቷ።

"አገኘሁት። እኔ ነኝ፣ አባባ።"

"የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" አሉ፣ ግን እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አድርገው ነው።

መስመሯን አስተካክላ ሥዕሉ እንደገና እንዲሰላ አዘዘች። ጥቂት ሰከንድ ፈጀ። ሐይቁ በአንድ ጊዜ ወደ ደቡብ ሸርተት አለና ቢጫው መስመር ውስጥ ክዳን ድስቱ ላይ እንደሚገጥም ግጥም አለ። አውራ ጣቷ መሬት በመስመሯ ውስጥ ገባች። የወንዙ አፍ ገጠመ፣ ደሴቲቱ ገጠመች፤ በአራቱም ማዕዘን አገር ምድሩ ሁሉ የቤቱን ደጃፍ አግኝቶ ገባ። ምንም ድምፅ አልነበረም፤ እሷ ግን የሰማች መሰላት።

ልጅቱን ያስደነቃት የሠራችው ስህተት ትልቅነት አይደለም፣ የነገሩ ትንሽነት ነው። አንድ ሰው ከሰው ቁመት ብዙም በማይበልጥ መሣሪያ፣ እየተራመደ፣ እየተቀመጠ፣ አሸዋ እየጠረገ የለካው ዳርቻ፣ ከሠላሳ ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ላይ በሌላ ዘመን የታየው ውሃ ጋር ሳይተዋወቁ ተስማሙ። እንባዋ መጣ፤ ለማን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም።

"ያን ጊዜ ዳርቻውን ስለካ" አሉ አባቷ ቀስ ብለው "ከላይ የሚያየኝ ያለ አይመስለኝም ነበር። ብቻዬን የነበርኩ መስሎኝ ነው።"

ምሳ የሚባል ነገር ማንም አላነሳም። አሥራ ስምንቱን ዓመት በሙሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማስላት አይቻልም፤ ስለዚህ ከባድ የተባሉትን አርባ ዝናቦች ብቻ አውጥታ አሰላቻቸው። በቀድሞው ሥዕል ሠላሳ አንዱ የሰሜኑን ሸለቆ የመቱ ነበሩ። አሁን ከእነዚህ ሃያ ዘጠኙ ተራራውን ተሻግረው ደቡቡ ላይ አረፉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ባለሙያዋ ደረሰች። ከመስክ በቀጥታ የመጣች ሴት ናት፤ ጫማዋ አቧራ ለብሷል፣ ድምፅዋ ከጉዞ ብዛት ሻክሯል። ሦስቱም በኃላፊው ቢሮ ውስጥ ተቀመጡ። ነገሩን ቀድሞ ሰምቶ ነበርና ንግግሩን እሱ ጀመረ።

"መረጃውን ስናጠራ የተሻሻለ እትም አዘጋጅተናል" አለ። "በተሻሻለው መሠረት ደቡቡ ሸለቆ ቅድሚያ ቢሰጠው የተሻለ ይመስላል።"

ሴትዮዋ ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። "ይሄ የእናንተ ማኅተም አይደለም? ሰሜኑ ይላል። ቁፋሮ የሚጀምሩት ሰዎች ሰሜኑ ላይ ሠፍረዋል። ሰኞ ኮሚቴው ፊት ቀርቤ 'ተሻሽሏል' ስል ምን እንደሚሉኝ ልንገርዎ? 'ጥሩ፣ ዛሬ የተሻሻለ ነገም ይሻሻላል፤ በማኅተሙ እንሂድ' ነው የሚሉኝ።"

"እና ምን እንበል?"

"የመጀመሪያው ስህተት ነው በሉኛ! ስህተት ከሆነ።"

ኃላፊው በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ። ክፉ ሰው አይደለም። ግን የመሥሪያ ቤቱ ስም አለ፣ ባለፈው ወር ሥዕሉን የወሰዱ ሦስት ሌሎች ተቋማት አሉ፣ ከበላዩም አለቃ አለ። ሴትዮዋን ይቅርታ ጠይቆ ሠራተኛዋን ወደ ኮሪደሩ አወጣት።

"ስሚኝ፣ ለአንቺም ብዬ ነው" አላት። "ስድስት ወር ደክመሽ ስህተት የሚል ቃል ከስምሽ ጋር ሲያያዝ ዕድሜ ልክሽን ነው የሚከተልሽ። አስተካክይው፣ ማማውም ደቡብ ይሁን። ሌላውን ሆድ ይፍጀው።"

"በሆድማ ማማው አይዛወርም። ሰምተዋት የለ?"

"ቀስ በቀስ ይገባቸዋል።"

"እስኪገባቸው ዝናቡ ይጠብቃል? ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ቢሆን ነው የሚሻለው።"

ኃላፊው ግድግዳውን ተደገፈና "መግለጫውን የምትጽፊው አንቺ ነሽ" አለ። "ቃሉን ምረጪ። የመረጥሽውን አትሜ፣ ማኅተም አድርጌ እሰጣታለሁ።" ከዚያም ሴትዮዋ ወዳለችበት ተመለሰ።

ወደ ክፍሏ ገባች። አባቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው፣ መንገዱ ማዶ ያለውን የሱቅ ምልክት እያነበቡ ነበር። ፊቷን አይተው ምልክቱን ተዉት።

በደረጃው ሕግ እያንዳንዱ ፋይል የራሱን ታሪክ ተሸክሞ ይሄዳል፤ ማን እንደነካው፣ መቼ፣ ምን እንዳደረገበት፣ ፋይሉ የትም ቢደርስ አብሮት ይደርሳል። ታሪኩ የሚጻፍበትን ቦታ ከፈተች። "ተሻሽሏል" ብላ ጻፈች። ትንሽ አየችውና አጠፋችው። የደቡቡ ሰዎች ደብዳቤ ትዝ አላት፤ በሥርዓት የተጻፈ፣ በሁለት ገጽ ፊርማ የሞላ። መሬታቸውን ያውቁት ነበር። እሷ ናት ከላይ ያየ አይሳሳትም ያለች።

እንደገና ጻፈች። "በቀድሞው እትም የመቃኛው መስታወት አዟዟር በስህተት ስለተገለጸ ቦታዎች እስከ አምስት ኪሎ ሜትርና ከዚያም በላይ ተዛንፈው ይታያሉ። የቀድሞው ስህተት ነው፤ አትጠቀሙበት። በእሱ ላይ ተመሥርቶ ስለ ደቡቡ ሸለቆ የተሰጠው መልስም ስህተት ነው። ስህተቱን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

አባቷ መጥተው ከጀርባዋ ቆሙ። መነጽራቸውን በጣታቸው ወደ ላይ ገፋ አድርገው ቃል በቃል አነበቡት።

"ይሄ ለሴትዮዋ ነው?"

"ለእሷም ነው። በፋይሎቹም ላይ ይጻፋል።"

"በስንቱ ላይ?"

"በሁሉም ላይ። ከስድስት መቶ ሺህ በሚበልጡት።"

ሽማግሌው ቁጥሩን ሲሰሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። "የጻፈው ሰው ስምስ?"

"ግዴታ አይደለም። 'ባለሙያው' ብሎ መተው ይቻላል።" እጇን ከፊደላቱ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አደረገች። "ስሜን ከጻፍኩ ደግሞ ከእሱ ቀጥሎ የሚመጣው የእርስዎ ስም ነው፣ አባባ። ሰው ሲያነበው ሁለታችንንም ነው የሚያነበን። ቅር ካለዎት እተወዋለሁ።"

ቀያሹ መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉት። ከኮሪደሩ ማዶ የሴትዮዋ የሻከረ ድምፅ ይሰማል፤ ሰኞ ስንት ሰዓት ላይ እንደሆነ እየተናገረች ነው።

"ሙሉውን ጻፊው" አሉ።

ስሟን ጻፈች፤ ከስሟ ቀጥሎ የእሳቸውን ጻፈች፤ አንድ ጊዜ ብቻ አይታ ሥራው እንዲጀመር አዘዘች።